ደረጃው ወዴት ያወጣል?

እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፤ እህቴ፣ የጋሼ ልጅ፤ ከሊፍት ጥገና ክፍል የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው፤ የተከበራችሁ ጎረቤቶች፣ ዘመዶችና ወዳጆች፤ ፀሐዩን ችላችሁ እስካሁን የቆማችሁ ሁሉ፤ እግራችሁ እንደዛለ አያለሁ። ትንሽ ብቻ ታገሡኝ።

ብዙዎቻችሁ አታውቁኝም። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ጋሼ ራሳቸው ላይ ፀጉር ስላልነበረ በሥራዬ ምክንያት የተዋወቅን እንዳይመስላችሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው ራስ ላይ ቆሜ ሳወራ ነው የምውለው። ወሬ አልቆብኝ አያውቅም። ዛሬ ግን "አንተም አንድ ነገር በል" ስባል አፌ ተሳሰረ። ሐዘን ብቻ አይደለም ያሰረኝ። እፍረት ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው እዚህ የቆምኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ የጋሼ ልጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አባዬ በናንተ ጨዋታ ውስጥ ማን ነበር?" አለችኝ።

ማን ነበር? ይቺ ቀላል ጥያቄ ናት። እዚያ ጋ የቆመውን ባለታክሲ ብትጠይቁት ወዲያው ይመልስላችኋል፤ "እኔ በር ሰባሪው ነኝ" ይላችኋል። ሚስቱን ብትጠይቋት "ሌባዋ ነኝ" ትላለች፤ አታፍርም። አብራን የምትጫወተው ፋርማሲስቷም ትመልሳለች። ስለ ጋሼስ? አየኋት። አየችኝ። "ቆዪ፣ ሻይ ላምጣልሽ" ብዬ ተነሣሁ። በገዛ ቤቷ፣ ለገዛ አባቷ ለቅሶ፣ እኔ ለሷ ሻይ ላመጣ! ከዚያ በኋላ በበሩ ወጥቼ ሄድኩ። ሻዩንም አላመጣሁም።

እህቴ፣ ዛሬ እመልስልሻለሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ እመልስልሻለሁ።

በመጀመሪያ ግን ጨዋታው ምን እንደሆነ ላልገባችሁ ላስረዳ። እትዬ እንኳ ለጎረቤት፣ "ሰውዬው ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምፒውተር ጋር ይጣላል" ይሉ እንደነበር ሰምቻለሁ። አልተሳሳቱም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዳችን በየቤታችን ኮምፒውተር ፊት እንቀመጣለን። በኢንተርኔት እንገናኛለን። መሪው እኔ ነኝ፤ ታሪኩን እኔ እናገራለሁ። ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ይሆናሉ። "በሩን ልስበር?" ይላል አንዱ። ዕጣ ይጥላል። ወይ በሩ ይሰበራል፣ ወይ ትከሻው። ስክሪኑ ላይ ካርታ አለ፤ ጣሪያው ተነሥቶ ቤቱን ከላይ ቁልቁል እንደማየት ነው። ካርታው ላይ ሁሉም የየራሱ ጠጠር አለው። ክብ ናት፤ ፊት ተሥሎባታል። ጠጠርህ ባለችበት አንተ አለህ። ጠጠር ከሌለህ የለህም።

ይቺን ቃል ያዙልኝ። ጠጠር ከሌለህ የለህም።

ቤቱ አንድ ወለል ብቻ ከሆነ ችግር የለም። ፎቅ ካለው ግን ጉድ ይፈላል። እያንዳንዱ ፎቅ ለብቻው የተሠራ ሥዕል ነው፤ እንደ አንሶላ አንዱ በሌላው ላይ ይነጠፋል። አንድ ሰው ደረጃ ሲወጣ የላይኛው አንሶላ ለሱ ብቻ መታየት አለበት። ታች የቀሩት ማየት የለባቸውም። የታችኛው ፎቅ ግድግዳ፣ ከላይ ያለውን ሰው ማገድ የለበትም። የላይኛው መብራት ታች ማብራት የለበትም። አንዷን ከረሳህ ሰውዬው ባዶ ሳሎን መሃል ከሌለ ግድግዳ ጋር ሲላተም ይውላል። ወይም ጣሪያውን ማንሣት ትረሳና ሁላችንም ቆርቆሮ ላይ አፍጥጠን እንቀመጣለን።

እኔ ሁልጊዜ እረሳ ነበር።

ጋሼ የመጡልን በዚሁ ነው። ፋርማሲስቷ የምትሠራበት ሕንፃ ሊፍት ተበላሽቶ ሊጠግኑ መጥተው ነበር። ገበያ ቀዝቅዞ እሷ ከመደርደሪያው ጀርባ እኔ የላክሁላትን ካርታ ከፍታ ታያለች። ጋሼ እጃቸው ግራሶ በግራሶ ሆኖ ጨርቅ ፍለጋ ገቡ። ጨርቁን ረሱት።

"ይሄ ሰውዬ ግድግዳ ውስጥ ምን ይሠራል?" አሉ።

"ደረጃ እየወጣ ነው፣ ጋሼ።"

"ይሄማ ምን ደረጃ ይወጣል? ከግድግዳው ጋር አብሮ ተለስኗል!"

ከት ብለው ሳቁ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሊፍቱ እንደቆመ፣ የሕንፃው ሰው ሁሉ በደረጃ እያለከለከና እየረገማቸው ሲወጣ፣ እሳቸው ያን ምስኪን ከግድግዳ ሲያላቅቁ ዋሉ። ባልደረቦቻቸው ያን ቀን ምነው ዘገዩ ብላችሁ ከነበረ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ይቅር በሏቸው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ፋርማሲስቷ ጋብዛቸው ኖሮ፣ ስንገናኝ የማናውቀው ወፍራም ድምፅ ሰማን። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ፎቁን ለኔ ተዉልኝ" አሉ።

ተውንላቸው። ስማቸውን ጋሽ ፎቅ አልናቸው። ስሙን ይወዱታል፤ መውደዳቸውን ላለማሳየት ግን ይቆጡናል።

እናንተ አብራችኋቸው የሠራችሁ ታውቃላችሁ፤ ቁጡ ነበሩ። "ማነው ደረጃው ላይ የተገተረው? ደረጃ መቆሚያ አይደለም! ወይ ውጣ፣ ወይ ውረድ!" ባለታክሲው እቤቱ ሶፋ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ይህን ሲሰማ ደንግጦ ብድግ ይል ነበር። ደግሞ የሥራ ልማዳቸውን ይዘውት ነው የመጡት። ሰው ከፎቅ ወደ ፎቅ ከማሻገራቸው በፊት "በር ይዘጋ!" ይላሉ። እንሰማለን፤ ማውዙ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዚያ "ውጡ፣ ደርሳችኋል" ይላሉ። ይህን ሳይሉ አሻግረውን አያውቁም።

አንዱን ቅዳሜ ልንገራችሁ። አብራችሁን እንደነበራችሁ አድርጋችሁ ስሙ። ቤቱ ከአገር ሊጠፋ የተዘጋጀ የአንድ ዳኛ ቤት ነው። ታች፣ መካከል፣ ላይ። ባለታክሲው ታች በር ይጠብቃል። ፋርማሲስቷ መካከል ላይ ቁስለኛ ታክማለች። የባለታክሲው ሚስት ላይ ናት፤ የዳኛውን ሣጥን እየበረበረች ነው። እያንዳንዳቸው የሚያዩት የራሳቸውን ፎቅ ብቻ ነው። ታዲያ ቤቱ ተቃጠለ። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሲሰለቸኝ ቤት አቃጥላለሁ።

ምን ልበላችሁ! ሁሉም ባንዴ ሮጡ። ታች ያለው ሚስቴን ብሎ ይወጣል። ላይ ያለችው ሣጥኑን አቅፋ ትወርዳለች። የመካከሏ ቁስለኛዬን ማን ያንሣልኝ ትላለች። ጋሼ "ውረጂ! ውረጂ፣ ቤቱ እየነደደ ነው!" እያሉ ይጮኻሉ። እትዬ ያስታውሱ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ እርስዎ ወንበር ላይ ቆመው መጋረጃ ይሰቅሉ ነበር። ከነመጋረጃው ዘለው ወረዱ አሉ። "የታለ እሳቱ?" ሲሉ እኛ ሁላችንም በማይክሮፎኑ ሰምተናል። ሳቃችንን መያዝ አቅቶን ነበር።

በዚያ ግርግር መሃል እጄ ማውዙን ነካው። የባለታክሲው ጠጠር ከስክሪኑ ላይ ብን አለች።

"አጠፋሁት!" ብዬ ጮህኩ። "ሰውዬውን አጠፋሁት!"

ሚስቱም "ባሌን!" ብላ ስትጮህ በሷም በሱም ማይክሮፎን ሁለት ጊዜ ተሰማ፤ አንድ ቤት ናቸዋ።

ጋሼ ምን ያሉ ይመስላችኋል? እኚያ ቁጡ ሰው አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አልጠፋም" አሉ። "ፎቁ ሌላ ነው። አንተ መጀመሪያ ያለህበትን ፎቅ እይ።"

አየሁ። እውነትም እኔ የማየው የታችኛውን ነው። እሱ ላይ ነበር። ካርታው እንደዚያ ነው የተሠራው፤ ታች ሆነህ ላይ ያለውን አታይም። ከዚያ "በር ይዘጋ!" አሉ። አንድ በአንድ ከጭሱ አወጡን። "ውጡ፣ ደርሳችኋል።" ሁላችንም ተረፍን። እንደ ሕፃን ጮህን። ባለታክሲው "ዕድሜ ይስጥልኝ፣ አባቴ" አላቸው።

ተረፍን አልኩ። ማን ማን ተረፈ? ባለታክሲው ተረፈ። ሚስቱ ተረፈች። ፋርማሲስቷ ከነቁስለኛዋ ተረፈች። ጋሼስ? ጋሼ የሚተርፉበት ነገር አልነበረም። ቤቱ ውስጥ አልነበሩም። ጠጠር አልነበራቸውም።

ገባችሁ? በዚያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ለሁላችን ደረጃ ሲከፍቱ፣ ለሁላችን ጣሪያ ሲያነሡ፣ ካርታው ላይ የሳቸው የሚባል አንዲት ጠጠር አልነበረችም።

አንድ ጊዜ ፋርማሲስቷ ጠይቃቸዋለች። "ጋሼ፣ እርስዎስ ሰው አይፈልጉም? አንድ ቁጡ ወታደር ምናምን?" ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። ሰው አንድ ነገር ሲያምረው፣ አምሮኛል ማለት ሲከብደው እንዴት ዝም እንደሚል ታውቃላችሁ። ቀጥለው፣ "ታዲያ ፎቁን ማን ይይዛል?" አሉ።

ጥያቄ ነበር፣ ወገኖቼ። መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ነበር። "እኔ እይዛለሁ" ማለት ይቻል ነበር። "በየተራ እንይዛለን" ማለት ይቻል ነበር። እኔ መሪው ምን አልኩ? "ልክ ብለዋል፣ ጋሼ" አልኩ። "ከእርስዎ ሌላ ማን ይችለዋል?" አልኩ። ምስጋና አስመሰልኩት። ከሥራ ለመሸሽ ሰውን ማመስገን! የሚከብደውን አሸከምኳቸውና ጎበዝ አልኳቸው። "እንግዲያውስ ይቅር" አሉ። ነገሩ በዚያው ቀረ። ማንም መልሶ አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁትም።

ከዚያ ታመሙ።

ሆስፒታል ሲገቡ ፎቁን የሚይዝ ጠፋ። እኔ ሞከርኩ። ሰው ለሰንኩ። ጣሪያ ረሳሁ። ሲሰለቸኝ አንሶላዎቹን ገፍፌ አንዱን ብቻ አስቀረሁ፤ ያን የመሰለ ቤት ሜዳ አደረግሁት። ጨዋታው ቀጠለ። ሰው እንደሆነ ሁሉን ይለምዳል፤ ለመድን።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ገቡ። ልጃቸው ናት ስልኩን የያዘችላቸው። ያ ወፍራም ድምፅ ክር አክሎ ነበር። "ጋሼ! ጋሼ መጡ!" ብለን ተንጫጫን። ደስታችን የውሸት አልነበረም፤ እሱን እንኳ መስክሩልን። ጥቂት አዳመጡና፣

"ፎቁ የት ሄደ?" አሉ።

እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። ሲታመም ሰው ሥራ ሥራ ይላል፣ ልቡ ይረፍ ብዬ ነው። "እሱን አያስቡ፣ ጋሼ። አንሥተነዋል። ያለ ፎቅም ይሄዳል፤ እንዲያውም ቀለል አለልን።"

ያለ ፎቅም ይሄዳል። ቀለል አለልን። አልጋ ላይ ለተኛ ሰው፣ ቅዳሜን እየቆጠረ ለሚጠብቅ ሰው የሚባል ነገር ነው?

"ደረጃው ግን ይታየኛል" አሉ። ደረጃውን ከሥዕሉ ላይ መፋቅ ሰንፌ ትቼው ነበር። "ይሄ ደረጃ ወዴት ያወጣል?"

"የትም አያወጣም፣ ጋሼ። ሥዕል ነው።"

"እሺ" አሉ። "ጥሩ ነው።"

አልተቆጡም። ምነው በተቆጡኝ! ምነው "ደረጃ መቆሚያ አይደለም" ብለው በጮኹብኝ! "ጥሩ ነው" አሉ። ስልኩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ፣ እህቴ። ስትዘጊው ፊትሽን አላየሁትም። ትናንት ግን አየሁት። "አባዬ ማን ነበር?" ስትዪኝ ለማወቅ ብለሽ እንዳልጠየቅሽኝ ያኔ ገባኝ። አብረሽ ሰምተሻላ።

ከቤታችሁ ሸሽቼ ሱቄ ገባሁ። ሦስቱንም ጠራኋቸው። መስተዋቶቹ መሃል አንድ ኮምፒውተር ላይ ተደፋን። አንሶላዎቹን አንድ በአንድ መለስናቸው፤ ታች፣ መካከል፣ ላይ። ለጋሼ ጠጠር ሠራን። ባለታክሲው ነው የሣለው፤ ራሰ በራ፣ ጉንጩ ላይ ግራሶ። ይመስላሉ። ፋርማሲስቷ ጠጠሯን ይዛ የዳኛው ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ አስቀመጠቻት።

ጠፋች።

ፋርማሲስቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አጠፋኋቸው" አለች።

የሚባለውን አራታችንም እናውቃለን። ያን ቃል የሚሉልን ሰው ናቸው የሌሉት። የባለታክሲው ሚስት ፊቷን ወደ መስተዋት አዙራ አለቀሰች። መስተዋት ሞልቶ ነበርና ለቅሶዋን በሁሉም በኩል አየነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ፣ "ሊል ነው እንግዲህ፤ ጋሼ አልጠፉም፣ ላይ ናቸው፣ ታች ስለሆንን ነው የማይታዩን ሊል ነው" ብላችኋል። አልልም። ብለው ይቀለኝ ነበር። ግን ከጋሼ ቃል ለኔ የምትመቸኝን ግማሿን ብቻ መውሰድ ይሆንብኛል። "አልጠፋም" ብለው አላበቁም። "ያለህበትን ፎቅ እይ" ብለዋል። እኔ እዚያች ላይ ነው የቀረሁት። የት ነበርኩ? ድምፃቸውን እየሰማሁ፣ እጃቸው እያወጣኝ እያወረደኝ፣ የት ሆኜ ነው ያላየኋቸው? ደግሞስ ሳይሞቱ ጠጠር መሥራት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አንድ ራስ ተላጭቶ እስኪያልቅ እንኳ አይፈጅም።

እንግዲህ እህቴ፣ መልሱ ይኸውልሽ። አባትሽ በጨዋታችን ውስጥ ማንም አልነበሩም። "አልሰጠናቸውም" ብል ጥፋቱን ለአራት ማካፈል ነው። ያልሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ አመስግኜ ዝም አሰኘኋቸው። ሲታመሙ ያለ እርስዎም ይሄዳል አልኳቸው። ባለታክሲው አባቴ ብሏቸዋል፣ እውነቱን ነው፤ ፋርማሲስቷ አስባላቸዋለች፣ አመስግኛት። እኔን ግን እወቂኝ። ይቅርታ አልጠይቅሽም። በዚህ ሁሉ ሰው መሃል አቁሜሽ ይቅር በይኝ ብልሽ እምቢ ማለት አትችይም። ሌላ ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ደጃችሁ እመጣለሁ። ያኔ እንደ ልብሽ ትመልሺልኛለሽ። ሻይም ይዤ እመጣለሁ።

እትዬ፣ ያን ድምፅ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኛ ስለለቀቁልን፣ ከነመጋረጃውም ዘለው ስለወረዱ፣ አንገቴን ደፍቼ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

አሁን ከእርሳቸው ጋር ትንሽ ልነጋገር፤ ፍቀዱልኝ።

ጋሼ።

"ፎቁን ማን ይይዛል?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሱን ሳልሰጥዎ ቆየሁ። በጣም ቆየሁ።

እኔ ይዣለሁ፣ ጋሼ። ጣሪያ እረሳለሁ፣ ሰውም ከግድግዳ ጋር እለስን ይሆናል። ግን ይዣለሁ። ደረጃውም ከንግዲህ ያወጣል። እርስዎ ከኮምፒውተሩ ፊት ከዚያ ወንበር ይነሡ። ጠጠርዎን ይያዙ።

በር ይዘጋ።

ይውጡ፣ ጋሼ። ደርሰዋል።